የቀድሞ ዘመን ሙዚቃ በኢንተርኔት ሬዲዮ፤ ጥሩውን ጣቢያ እንዴት መለየት ይቻላል?

የሬዲዮ አድማጭ ምርጫ ለረጅም ዓመታት በማሰራጫው የኃይል መጠንና ርቀት የተወሰነ ነበር። የኢንተርኔት ሬዲዮ መስፋፋት ይህን ገደብ በእጅጉ አቃሎታል። በአዲስ አበባ፣ በጅማ ወይም በደሴ የሚኖር አድማጭ ከኒውዮርክ፣ ከለንደን ወይም ከፓሪስ የሚተላለፍ የሙዚቃ ፕሮግራም በተንቀሳቃሽ ስልኩ ሊከታተል ይችላል። ይሁንና የቀድሞ ዘመን ሙዚቃ እናሰማለን የሚሉ ጣቢያዎች በበዙ ቁጥር ጊዜንና ገንዘብን የማያባክነውን መለየት አስቸጋሪ ሆኗል። ለዚህም ሦስት መመዘኛዎች ጠቃሚ ናቸው። እነርሱም የሙዚቃ አመራረጡ፣ የሚወስደው የዳታ መጠንና የጣቢያው ሕጋዊና የገንዘብ መሠረት ናቸው።

በአሜሪካ «ኦልዲስ» የሚለው ስያሜ በተለምዶ ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ የወጡ የሮክ ኤንድ ሮል፣ የሶልና የፖፕ ሥራዎችን ያመለክታል። ስያሜው ግን ለይዘቱ ዋስትና አይሆንም። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ደብሊው ሲ ቢ ኤስ ኤፍ ኤም 101.1 የተባለው የኒውዮርክ ጣቢያ ነው። ጣቢያው እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በዚህ ዓይነት ሙዚቃ ሲታወቅ ቆይቶ በጁን 3 ቀን 2005 በድንገት ሌላ የፕሮግራም ቅርጽ ይዞ ቀረበ። የአሜሪካ ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ይበልጥ የሚፈልጉት ዕድሜው ከ25 እስከ 54 ዓመት የሆነውን አድማጭ በመሆኑ፣ የቀድሞ ዘመን ሙዚቃ ወዳዶች ዕድሜ በገፋ ቁጥር የጣቢያዎቹ ገቢ ይቀንሳል የሚል ስጋት በዘርፉ ሰፍኖ ነበር። የቀድሞው ፕሮግራም በኢንተርኔት መተላለፉን ቀጠለ። ጣቢያውም በጁላይ 12 ቀን 2007 በኤፍ ኤም ሞገድ ወደ ቀድሞ ሙዚቃው ተመለሰ። ሲመለስ ግን የኋለኞቹን ዓመታት ሥራዎች በስፋት አካቶ ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አድማጭ የጣቢያውን ስም ሳይሆን የሚያሰማውን ሙዚቃ መመርመር ያለበት መሆኑ ነው። በርካታ የኢንተርኔት ጣቢያዎች ቀደም ሲል ያስተላለፏቸውን ዘፈኖች ዝርዝር በድረ ገጻቸው ላይ ያሳያሉ። ይህን ዝርዝር በተለያዩ ቀናት ተመልክቶ ማነጻጸር የመጀመሪያው እርምጃ ነው። አንድ ዘፈን በአንድ ቀን ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ ከሆነ የጣቢያው ስብስብ ጠባብ ነው ማለት ነው። ታዋቂ ድምጻውያን ብዙም ባልተሰሙ ሥራዎቻቸው ጭምር የሚቀርቡ ከሆነ ደግሞ ከዝርዝሩ በስተጀርባ ሙዚቃውን የሚያውቅ ሰው እንዳለ ያመለክታል።

የአቅራቢው ሚናም ቀላል አይደለም። የቢ ቢ ሲ ሬዲዮ 2 «ሳውንድስ ኦፍ ዘ ሲክስቲስ» የተሰኘ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1983 ተጀምሮ፣ ከ1990 እስከ 2017 በብራያን ማቲው አቅራቢነት ተላልፏል። በዚህ ዓይነት ፕሮግራም አድማጩ ከዘፈኑ በተጨማሪ የቀረጻውን ታሪክ፣ የሙዚቀኞቹን ማንነትና ሥራው የወጣበትን ዘመን ይረዳል። ኮምፒዩተር ብቻ የሚያሰልፋቸው ዘፈኖች ይህን አይሰጡም።

ፍለጋውን ለማቃለል የጣቢያዎች ማውጫ የሆኑ አገልግሎቶች አሉ። ከኔዘርላንድስ የመነጨውና እ.ኤ.አ. በ2016 ለሕዝብ ይፋ የሆነው «ሬዲዮ ጋርደን» ጣቢያዎችን በዓለም ሉል ላይ በከተማ በከተማ ያሳያል። «ሬዲዮ ብራውዘር» ተጠቃሚዎች በጋራ የሚያሟሉት ክፍት የመረጃ ቋት ሲሆን፣ ጣቢያዎችን በአገር፣ በቋንቋና በሙዚቃ ዓይነት ለይቶ ያቀርባል። በፈረንሳይ የተመሠረተውና ስሙ በአምስት «ኦ» የሚጻፈው «ራዲዮኦኦኦኦ» ደግሞ አድማጩ አገርና አሥርት ዓመት መርጦ የዚያን ዘመን ሙዚቃ እንዲሰማ ያስችላል። በማውጫዎቹ ላይ «ኦልዲስ» የሚለውን ሰፊ ቃል ብቻ ከመጠቀም ይልቅ «ሶል»፣ «ዱዎፕ» ወይም «ሲክስቲስ» እያሉ መፈለግ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ለአብነትም እ.ኤ.አ. በ2000 በሳን ፍራንሲስኮ የተቋቋመውና ያለማስታወቂያ በአድማጮች መዋጮ የሚተዳደረው «ሶማ ኤፍ ኤም» በትንንሽ ሸክላዎች ለወጡ የሶል ሥራዎች ብቻ የተለየ መስመር አለው።

ሁለተኛው መመዘኛ የዳታ ፍጆታ ነው። በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት የሚያስተላልፍ ጣቢያ በአንድ ሰዓት 57.6 ሜጋ ባይት ይወስዳል። በ64 ኪሎ ቢት የሚያስተላልፍ 28.8፣ በ32 ኪሎ ቢት የሚያስተላልፍ ደግሞ 14.4 ሜጋ ባይት ብቻ ይፈልጋል። በቀን ሦስት ሰዓት የሚያዳምጥ ሰው በ30 ቀናት ውስጥ በመጀመሪያው መጠን 5.2 ጊጋ ባይት ገደማ፣ በመጨረሻው ግን 1.3 ጊጋ ባይት ያህል ይጠቀማል። ጣቢያዎች ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ የጥራት ደረጃ ስለሚያቀርቡ ዝቅተኛውን መርጦ መሞከር ይገባል። እስከ 1960ዎቹ መገባደጃ ከታተሙት ሸክላዎች አብዛኞቹ በአንድ የድምፅ መስመር፣ ማለትም በሞኖ የተዘጋጁ በመሆናቸው፣ የቀድሞ ዘመን ሙዚቃ አድማጭ ዝቅተኛውን ደረጃ በመምረጡ የሚያጣው ጥራት ከዘመኑ ሙዚቃ አድማጭ ያነሰ ነው።

ይህ ጉዳይ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተለየ ትርጉም አለው። በሞገድ የሚተላለፍ ሬዲዮ በአንድ ሰውም ሆነ በመቶ ሰዎች ቢደመጥ በማሰራጫው ላይ የሚያስከትለው ተጨማሪ ጫና የለም። በኢንተርኔት ግን ለእያንዳንዱ አድማጭ ለብቻው የተላከ ፍሰት ያስፈልጋል። በአንድ መሥሪያ ቤት 50 ሠራተኞች በ128 ኪሎ ቢት በአንድ ጊዜ ቢያዳምጡ በሰከንድ 6.4 ሜጋ ቢት የሚሆን የመስመር አቅም ይያዛል። መስመሩ ጠባብ በሆነበት ቦታ የመዘግየቱ ዋጋ የሚከፈለው በመስኮት በቆመው ባለጉዳይ ነው። ስለሆነም በቢሮ ማዳመጥ በተፈቀደበት ሁኔታም ቢሆን አንድ ክፍል የሚጋሩ ባልደረቦች በአንድ መሣሪያ በጋራ ቢያዳምጡ ጫናው በብዙ ይቀንሳል።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው መመዘኛ የጣቢያው ሕጋዊና የገንዘብ መሠረት ነው። በአሜሪካ በሞገድ የሚያስተላልፉ ጣቢያዎች ለግጥምና ዜማ ደራሲያን ሲከፍሉ፣ የኢንተርኔት ጣቢያዎች ከዚህ በተጨማሪ ለድምጻውያንና ለአሳታሚዎች ይከፍላሉ። ክፍያው የሚሰላው በአንድ ዘፈንና በአንድ አድማጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ለንግድ ጣቢያዎች የነጻ አድማጭ ክፍያ 0.17 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። በዚህ ስሌት በሰዓት 15 ዘፈኖችን ያለማቋረጥ ለ100 አድማጮች የሚያሰማ ጣቢያ በቀን 61 ዶላር፣ በዓመት ከ22 ሺህ ዶላር በላይ ይከፍላል። ትንንሽ ጣቢያዎች ከገቢያቸው መቶኛ እንዲከፍሉ ይፈቅድ የነበረው ስምምነት በ2015 መጨረሻ ሲያበቃ፣ ከ1999 ጀምሮ በርካታ አነስተኛ ጣቢያዎችን ያስተናግድ የነበረው «ላይቭ 365» በጃንዋሪ 31 ቀን 2016 ተዘጋ። በ2017 በአዲስ ባለቤት ሥራ ቢጀምርም፣ አድማጮች ለዓመታት የለመዷቸው ጣቢያዎች በአንድ ቀን ጸጥ ብለው ነበር።

የቀድሞ ዘመን ቀረጻዎችን በቀጥታ የሚመለከት ሌላም የሕግ ለውጥ አለ። ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 1972 በፊት የተቀዱ ድምፆች በአሜሪካ ፌዴራል የቅጂ መብት ሕግ ሳይሸፈኑ የቆዩ ሲሆን፣ በኦክቶበር 2018 የወጣው ሕግ ለእነዚህም ጥበቃ ሰጥቷል። በዚህም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተጫወቱ፣ ዛሬ በዕድሜ የገፉ ሙዚቀኞች ሥራዎቻቸው በኢንተርኔት ሲደመጡ የድርሻቸውን የማግኘት መብት አላቸው። ስለዚህ ሕጋዊ ጣቢያን መምረጥ ለሙዚቃው ባለቤቶችም የሚተርፍ ነው። የመብት ጉዳይ ድንበርም ሊያበጅ ይችላል። «ሬዲዮ ጋርደን» እ.ኤ.አ. በ2022 በብሪታንያ ያሉ ተጠቃሚዎች ከአገራቸው ውጭ ያሉ ጣቢያዎችን እንዳያዳምጡ የገደበው በዚሁ ምክንያት ነው። በመሆኑም አድማጭ በአንድ ጣቢያ ብቻ ከመወሰን ይልቅ ሦስት ወይም አራት አማራጮችን መዝግቦ መያዝ ይኖርበታል።

እነዚህ መመዘኛዎች የአገራችንን የቀድሞ ዘመን ሙዚቃ ለሚፈልጉም ያገለግላሉ። አምኃ እሸቴ ያቋቋመው አምኃ ሬከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ያሳተማቸው ሸክላዎች የዘመኑ ዋነኛ ቅርስ ናቸው። በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ መታተም የጀመረው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ ስብስብ ከ1990ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ ይህን ሙዚቃ ለዓለም አድማጭ አስተዋውቋል። ሆኖም የድምጻውያኑ ስሞች በላቲን ፊደል የሚጻፉበት መንገድ ከአንዱ አሳታሚ ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ ፈላጊው አንድን ስም በተለያየ አጻጻፍ መሞከር አለበት።

የድምጻዊውን ስም ብቻ ጠቅሶ የሚያልፍ ጣቢያ የግጥም ደራሲውን፣ የዜማ ደራሲውን፣ አቀናባሪውንና ያጀበውን የሙዚቃ ጓድ ያስረሳል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂና ተዛማጅ መብቶች በአገራችን ሕጋዊ ጥበቃ እንዲያገኙ መደረጉ የእነዚህ ባለሙያዎች አስተዋጽኦ ዋጋ እንዳለው ያሳያል። በዚህ መሠረት ጥሩ የሚባለው ጣቢያ ሙዚቃውን ከነባለቤቶቹና ከነዘመኑ የሚያስተዋውቅ ነው። አድማጩም ጣቢያዎችን በዚህ ሚዛን ሲመርጥና አቅሙ በፈቀደ መጠን ሲደግፍ፣ የቀድሞው ዘመን ድምፅ ለቀጣዩ ትውልድ እንዲደርስ የበኩሉን ያበረክታል።