ድሬዳዋ ላይ የቆመው ባቡር

ስሜን ውስጥ፣ በየዳ ወረዳ ተወልዶ ላደገ ሰው «ባቡር» ማለት ወፍጮ ነው። እህል የጫነች አህያ እየነዱ ባቡር ቤት መሄድ፣ ተራ መጠበቅ፣ ዱቄት ለብሶ መመለስ። ከራስ ደጀን ሥር ሐዲድ የሚባል ነገር አይታወቅም፤ ገደሉን የምታሻግር በቅሎ ናት። እናም ድሬዳዋ ወርጄ ሌላኛውን ባቡር በእጄ የዳሰስሁ ለት እንደ ልጅ ነው ደስ ያለኝ።

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሐዲድ የመዘርጋቱን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። የታሰበው ሐረር ነበር፤ ነገር ግን ተራራውን መውጣት ገንዘብ የሚጨርስ ሆነና ሐዲዱ ከሥር ባለው ሜዳ አለፈ። በጣቢያው ዙሪያም ከተማ በቀለ፤ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ይሉት ነበር። ተራራ መንገድን እንዴት እንደሚያዝዝ የስሜን ሰው አይጠፋውም፤ ተራራ ሲከለክል ከተማ መውለዱን ግን ያየሁት እዚያ ነው። የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በሌላ ከተተካ በኋላ ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ርቀት መሆኑ ነው። «ለገሃር»ም ከፈረንሳይኛው የጣቢያ መጠሪያ የወጣ ስም ነው።

የዚህ ሁሉ ልብ ግን የድሬዳዋው ጥገና ቤት ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ዘይት የጠጣ ሰፊ አዳራሽ ነው። ከአንድ ሰው ቁመት የሚበልጥ ቶርኖ አጠገብ ቆሜ መንኮራኩር የሚላግበትን ስለት አየሁ፤ ጠርዙ ላይ ጠጉር የመሰለ የብረት ፍቅፋቂ ተጠምጥሞ ቀርቷል። አገሬ ያለው ቀጥቃጭ በወናፉ ማረሻ ሲያሞቅ ትዝ አለኝ፤ ሙያው አንድ ነው፣ የበዛው የብረቱ መጠን ነው። ፉርጎዎቹና በጣሊያን ወረራ ዘመን የመጡት ፊያት ሠራሽ፣ በራሳቸው ሞተር የሚሄዱ ሊቶሪናዎች ቀለማቸው ለቋል፤ የእንጨት ወንበራቸው ግን የተሳፋሪ ክንድ ያለሰለሰው ነው። አስጎብኚያችን፣ ዕድሜያቸው የገፋ የባቡር ድርጅቱ ሰው፣ ሞተሮቹን ሁሉ እንደ ላም በሴት ነው የሚጠሯቸው።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር የአሮጌውን ሐዲድ ሊጠቀም አልቻለም። የአሮጌው ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ ግን 1.435 ሜትር ነው። ስለዚህ አዲሱ የራሱን መስመርና ጣቢያ ይዞ በጎን አለፈ።

ያረጀ ባቡር ሁሉ ግን ቆሞ አይቀርም። በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ማን የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. በ1873 የተጀመረ የእንፋሎት ባቡር፣ በ1876 የተጀመረ በፈረስ የሚሳብ ትራም፣ በ1893 የተጀመረ የኤሌክትሪክ ትራም ዛሬም እንግዳ ይጭናሉ፤ ጎብኚው ደሴቲቱን የሚያያት በእነሱ መስኮት ነው። ቁም ነገሩ መንቀሳቀሳቸው ነው። የሚሄድ ማሽን ቡሎኑን የሚያጠብቅ፣ ቅባቱን የሚያውቅ፣ ለልጅ የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል። የቆመ ማሽን የሚፈልገው አቧራ የሚጠርግ ብቻ ነው።

እኔ ሩቅ አልመኝም። ከድሬዳዋ ተነሥቶ በዚያው በጥንቱ ሐዲድ ሽንሌ ድረስ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። አንዲት ሊቶሪና፣ ሥራውን በእጃቸው የያዙት አዛውንቶች፣ ከጎናቸው ሁለት ሦስት ወጣት መካኒኮች። ጠዋት በብርዱ ወጥቶ ፀሐዩ ሳይበረታ የድሬዳዋው ጣቢያ ወዳለበት ወደ ኬዚራ ሰፈር መመለስ ይቻላል።