ድንበር የተሻገሩ የምናኔ መጻሕፍት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ትርጓሜ በአራት ጉባኤ ይሰጣል፤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት። በአራተኛው ጉባኤ የሚተረጐሙት መጻሕፍት ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ናቸው። ሦስቱም ከ14ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ ተመልሰው፣ ለገዳማውያን የጸሎት፣ የጾምና የአርምሞ መምሪያ ሆነው ኖረዋል። ምንጫቸው ሲመረመር ግን የሚገኘው ከተዋሕዶ ውጭ ነው። ሦስቱንም በሱርስት ቋንቋ የጻፏቸው በፋርስ ምድር የነበረችው የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን መነኮሳት ናቸው።

ይህች ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ431 የተደረገውን የኤፌሶን ጉባኤ ሳትቀበል የቀረች፣ በሌሎቹም ዘንድ የንስጥሮስ ወገን ስትባል የኖረች ናት። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በምታስተምረው ትምህርት ከእስክንድርያና ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር አትስማማም፤ ልዩነቱ ዛሬም አልተዘጋም። በእንዲህ ያለ ልዩነት መካከል የምናኔ መጽሐፍ መሻገሩ በክርስትና ታሪክ ውስጥ ጠለቅ ብለው ሊያዩት ከሚገቡ ነገሮች አንዱ ነው።

ማር ይስሐቅ በ7ኛው ክፍለ ዘመን የዛሬዋን ቀጠርና አካባቢዋን በሚያጠቃልለው በቤተ ቀጥራዬ ተወለደ። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለሥራ የሚሄዱበት ይህ የባሕረ ሰላጤ ዳርቻ በዚያን ጊዜ የራሱ ጳጳሳትና መነኮሳት ነበሩት። ፓትርያርክ ጊዮርጊስ ቀዳማዊ የነነዌ ጳጳስ አድርጎ ቢሾመው በመንበሩ ከአምስት ወር በላይ አልቆየም፤ ሹመቱን ትቶ ወደ ተራራ ወጣ፤ በኋላም በኹዚስታን ባለው በረባን ሻቡር ገዳም ተቀመጠ። ዜና ሕይወቱን የጻፉለት እንደሚሉት ከንባብ ብዛት ዓይኑ ስለጠፋ ቃሉን ወንድሞች ይጽፉለት ነበር። ፊልክስዩስም የዚያው አገር ሰው ሥራ ነው። ደራሲው ዳዲሾ ቀጥራያ ሲሆን፣ በዓረብኛውና በግዕዙ ቅጂ ግን መጽሐፉ በመንቡጉ ጳጳስ በፊሎክሴኖስ ስም ተጠራ፤ ፊሎክሴኖስ ደግሞ የንስጥሮስ ትምህርት ብርቱ ተቃዋሚ ነበር። አረጋዊ መንፈሳዊ የተባለው ዮሐንስ ዘዳልያታ በ8ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ሜሶጶጣሚያ ተራሮች የኖረ መናኝ ነው። ካረፈ በኋላ የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ሲኖዶስ አውግዞት ነበር፤ ውግዘቱ የተነሣለት በ9ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

እነዚህ አባቶች ራሳቸውም ከሌላ የተማሩ ናቸው። የማር ይስሐቅ ዋና መምህር ከሚባሉት አንዱ እ.ኤ.አ. በ399 በግብፅ በረሃ ያረፈው የግሪክ ጸሐፊ አውግርዮስ ነው። ትምህርቱ ከግብፅ በረሃ ተነሥቶ በፋርስ ተራሮች ከበሰለ በኋላ፣ እንደገና በግብፅ ዓረብኛ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገዳማት ደረሰ።

መጻሕፍቱ እንዲህ ሩቅ የሄዱት ይዘታቸው ክርክር ስላልሆነ ነው። የሚናገሩት ስለ እንባ፣ ስለ ዝምታ፣ ስለ ሐሳብ መበተን፣ ስለ ስግደት፣ ጸሎት በአድናቆት ስለሚቆምበት ሰዓት ነው። ማር ይስሐቅ ርኅሩኅ ልብ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለአራዊት፣ ለአዕዋፍና ለአጋንንት ሳይቀር እንደሚያዝን ያስተምራል፤ ይህን ገጽ ያነበበ መነኩሴ ጸሎቱን በራሱ ጉዳይ ብቻ ሊወስን አይችልም። በኢትዮጵያ ከእነዚህ መጻሕፍት ጋር ተያይዞ የሚተነተነው የንጽሐ ሥጋ፣ የንጽሐ ነፍስና የንጽሐ ልቡና ትምህርት የምናኔን ጕዞ በአሥር ማዕረግ ያስቀምጠዋል። ከጽማዌ (ከዝምታ)፣ ከልባዌ (ከማስተዋል) እና ከጣዕመ ዝማሬ ይጀምራል፤ በአንብዕ (በእንባ)፣ በፍቅርና በተሰጥሞ ብርሃን (በብርሃን በመዋጥ) በኩል ያልፋል።

ይህ ሁሉ የሚነበበው ግን ብቻውን አይደለም። ተማሪው ከመምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ መጀመሪያ ገጸ ንባቡን፣ ቀጥሎ አንድምታውን ይሰማል፤ መምህሩም ቃሉን ከወንጌሉ፣ ከሊቃውንቱና ከቤተ ክርስቲያኑ ሃይማኖት ጋር እያገናዘበ ይፈታለታል። ከንባቡ ሲነሣ የሚጠብቀው ያው ቅዳሴ፣ ያው ሰዓታት፣ ያው ጾም ነው። ከሌላ ወገን የመጣው ትምህርት ያጸናው ተማሪው ቀድሞ የያዘውን ሥርዓት ነው እንጂ ከቤቱ አላስወጣውም። ከሌላ የክርስትና ወገን መጽሐፍ ለብቻ አንሥቶ የደስ ደሱን መልቀም ይህን ፍሬ አያፈራም።

መሻገሩ ዋጋም አስከፍሏል። በኢየሩሳሌም አቅራቢያ ባለው በማር ሳባ ገዳም የነበሩት አብራምዮስና ጳጥሪቅዮስ፣ የኬልቄዶንን ጉባኤ የሚቀበሉ መነኮሳት ሲሆኑ፣ በ8ኛው መጨረሻ ወይም በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የማር ይስሐቅን መጽሐፍ ወደ ግሪክ መለሱት። በግሪኩ ቅጂ ደራሲው የጠቀሳቸው፣ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን የምታከብራቸው መምህራን፣ ቴዎዶርና ዲዮዶር፣ ስማቸው ወጥቶ በሌሎች አባቶች ስም ተተክቷል። የዳዲሾ ስም መጥፋትም ከዚህ የተለየ አይደለም። የስሙ መለወጥ መጻሕፍቱን ለማሻገር ረድቶ ይሆናል፤ ለሰጪው የሚገባውን ምስጋና ግን አስቀርቷል። ምንጩን በግልጽ ማወቅ የአንባቢን ሃይማኖት አያናውጥም፤ ልዩነቱ የት እንዳለ ስለሚያሳይ ንባቡን የተጠነቀቀ ያደርገዋል። ለዚህ ጥንቃቄ በቂ ምክንያት አለ። የሱርስት ሊቅ ሰባስትያን ብሮክ እ.ኤ.አ. በ1983 በኦክስፎርድ የቦድልያን ቤተ መጻሕፍት ባገኙት የማር ይስሐቅ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ፣ የገሃነም ሥቃይ ፍጻሜ እንዳለው የሚያስተምር ገጽ ይገኛል፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ይህን አይቀበሉም።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 2024 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያንን ፓትርያርክ ማር አዋ ሣልሳዊን በቫቲካን ተቀብለው ሲያነጋግሩ፣ የነነዌው ማር ይስሐቅ በሮማ የሰማዕታትና የቅዱሳን መዝገብ እንዲገባ መወሰኑን አስታወቁ። በመዝገቡ የገባው የራሱን ስምና የራሱን መንበር ይዞ ነው፤ የሮማና የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ግን ዛሬም ሙሉ የቍርባን አንድነት የላቸውም።