ጥሬ ምግብ ለሚያዘወትሩ የትኛው የደም ምርመራ ያስፈልጋል?

በጀርመን ጥሬ ምግብ በሚያዘወትሩ 201 ሰዎች ላይ ተካሂዶ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 38 በመቶዎቹ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት እንዳለባቸው አሳይቷል። የእጥረቱ ምልክት የሆነው የቀይ የደም ሕዋስ መግዘፍ ግን የታየው በ12 በመቶዎቹ ብቻ ነበር።

ቫይታሚኑን በከብት ጨጓራ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ያመርቱታል፤ አዝርዕትና አትክልት ግን አይሠሩትም። ጉበት ለዓመታት ስለሚያከማቸው እጥረቱ ዘግይቶ ይገለጣል። በቅጠላ ቅጠል የሚገኘው ፎሌትም የደም ማነሱን ሊሸፍነው ይችላል፤ የነርቭ ጉዳቱ ግን አይቆምም።

መደበኛው የደም ቆጠራ የሕዋሱን ግዝፈት እንጂ የቫይታሚኑን መጠን አይለካም። ስለዚህ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ለረጅም ጊዜ የተዉ፣ በተለይም እጅና እግራቸው የሚደነዝዝባቸው ሰዎች፣ የቢ12 መጠናቸው ተለይቶ እንዲለካ ሐኪማቸውን ሊጠይቁ ይገባል።