ያለ መነጽር ጥልቀትን የሚያሳየው ስክሪን እና የአባይ ሸለቆ ገደሎች

በደቡብ ወሎ ዞን የቦረና ወረዳ መቀመጫ በሆነችው መካነ ሰላም ዙሪያ ደጋው ወደ አባይ ሸለቆ በገደል ይወርዳል። በእንዲህ ያለ ሥፍራ መንገድ ወይም እርከን ለመቀየስ የካርታን የከፍታ መስመሮች ማንበብ ልምድ ይጠይቃል።

የካርታ ሥራ ባለሙያዎች ችግሩን በስቴሪዮስኮፕ ሲያቃልሉት ቆይተዋል። ከአውሮፕላን በተከታታይ የሚነሱ ፎቶግራፎች 60 በመቶ ያህል ይደራረባሉ፤ እያንዳንዱ ዓይን የየራሱን ፎቶግራፍ ሲያይ ገደሉ ጎልቶ ይታያል። ይሁንና መሣሪያው በአንድ ጊዜ የሚያገለግለው አንድን ሰው ነው። የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽርም ቢሆን ተመልካቹን አጠገቡ ካሉት ባልደረቦቹ ይጋርደዋል። ውሳኔ የሚሰጠው ደግሞ ኮሚቴ ነው።

ያለ መነጽር የሚሠራው ስክሪን በፊቱ በተደረደሩ ጥቃቅን ሌንሶች ወይም ቀጫጭን ግርዶሾች አማካይነት ለሁለቱ ዓይኖች የተለያየ ምስል ይልካል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ አሜሪካዊው ፍሬድሪክ አይቭስ የግርዶሹን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1903 በፈጠራ መብት አስመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የጃፓኑ ኒንቴንዶ በእጅ በሚያዝ የጨዋታ መሣሪያ ላይ ለገበያ አቅርቦታል።

ዋናው ችግር የምስል ጥራት ነው። በርካታ ሰዎች ከተለያየ አቅጣጫ እንዲመለከቱ የምስሎቹ ቁጥር መብዛት አለበት፤ የስክሪኑ ነጥቦችም ለሁሉም ይከፋፈላሉ። በአግድም 3 ሺህ 840 ነጥብ ያለው ስክሪን ስምንት ምስሎችን እኩል ቢያካፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 480 ብቻ ነው። በዚህ መጠን ገደሉ ይታያል፤ በገደሉ ላይ የምታልፈው የእግር መንገድ ግን ልትጠፋ ትችላለች።