ንድፍና ጽሑፍ፦ በኮምፒዩተር በሚሠራ ፕላን ላይ ፊደል መጠን፣ ቦታና ኮድ አለው

የሕንጻ ፕላን ወይም የይዞታ ካርታ በሁለት መንገድ ይናገራል። አንደኛው መንገድ መስመር ነው። መስመር ግድግዳው የት እንደሚቆም፣ ወሰኑም በየት በኩል እንደሚያልፍ ያሳያል። ሁለተኛው መንገድ ጽሑፍ ነው። ምሰሶው ውስጥ ባለ ስንት ሚሊ ሜትር ፌሮ እንደሚገባ፣ ክፍሉ ለምን አገልግሎት እንደሚውል፣ የወሰኑ ድንጋይ በየትኛው ኮኦርዲኔት ላይ እንደሚገኝ የምናውቀው ከጽሑፉ ነው። ጽሑፉ ቢነሣ የሚቀረው ሥዕል እንጂ የሥራ ትእዛዝ አይደለም። ይሁን እንጂ በኮምፒዩተር ንድፍ ሲሠራ አብዛኛው ድካም በመስመሩ ላይ ይውልና ጽሑፉ በመጨረሻው ሰዓት በጥድፊያ የሚጨመር ጌጥ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ በንድፍ ላይ የሚቀመጥ ፊደል እንደ ግድግዳው ሁሉ በስሌት የሚወሰን መጠን፣ ቦታና ኮድ ያለው ነገር መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን። ምሳሌዎቻችንን የምንወስደውም ከሆሳዕናና ከአካባቢዋ ከተሞች ነው።

ጉዳዩ በሆሳዕና ለምን ይከብዳል?

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የሀዲያ ዞን ዋና ከተማ፣ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም መቀመጫ ናት። በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ከክልሉ ማዕከላት አንዷ ሆናለች። እንደ ዱራሜ፣ ሺንሺቾ፣ አንጋጫና ሾኔ ባሉት የከምባታና የሀዲያ ከተሞችም ቢሆን ቤት የሚሠራ ሰው ፕላን ማስነደፉ፣ ባለይዞታም ካርታ መያዙ የተለመደ ነው። የኢትዮጵያ ሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከግንባታ በፊት ፕላን ቀርቦ ፈቃድ እንዲገኝ ደንግጓል፤ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ደግሞ የከተማ መሬት ይዞታ የሚመዘገብበትን ሥርዓት ዘርግቷል። ሁለቱም በወረቀት ላይ የሰፈረውን ቃልና ቁጥር ከሕግ ጋር አስተሳስረውታል።

በእነዚህ ከተሞች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የመንግሥት ሥራ የሚካሄድበት አማርኛ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፤ ሀዲይሳና ከምባቲሳ ግን በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። ስለዚህ በአንድ የከተማ ንድፍ ላይ የመንገድ ወይም የቀበሌ ስም በሁለት ፊደላት ጎን ለጎን ሊሰፍር ይችላል። አንደኛውን ፊደል ብቻ የሚያውቅ የፎንት ፋይል እዚህ ቦታ አይበቃም።

መጠን፦ ሁለት ዓይነት ቁመት

በእጅ የሚነድፍ ሰው ሦስት ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል ሲፈልግ ሦስት ሚሊ ሜትር አድርጎ ይጽፋል። እንደ አውቶካድ ባለ ሶፍትዌር ግን ቤቱ የሚነደፈው በእውነተኛ ልኩ ነው። አሥር ሜትር ግድግዳ በኮምፒዩተሩ ውስጥም አሥር ሜትር ነው፤ የሚያንሰው በሚታተምበት ጊዜ ብቻ ነው። ጽሑፉም ከግድግዳው ጋር አብሮ ስለሚያንስ አስቀድሞ በስኬሉ ልክ መተለቅ ይኖርበታል።

ስሌቱ ቀላል ነው። በወረቀት ላይ የምንፈልገውን ቁመት በስኬሉ እናባዛለን። በ1፡500 ስኬል በሚታተም ሳይት ፕላን ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ጽሑፍ ከፈለግን 2.5 በ500 ሲባዛ 1,250 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 1.25 ሜትር ይሆናል። ለ1፡100 የወለል ፕላን 0.25 ሜትር ይበቃል። ለ1፡500 የተዘጋጀውን ንድፍ ሳናስተካክል በ1፡2000 ብናትመው ጽሑፉ 0.625 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆንና በዓይን አይነበብም። በ1፡100 ብናትመው ደግሞ 12.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ክፍሎቹን ይሸፍናል። ይህን ስሌት ለማቃለል እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው አውቶካድ 2008 ስኬሉ ሲቀየር ጽሑፉን በራሱ የሚያስተካክል ዘዴ ይዞ መጥቷል። ዘዴው የሚጠቅመው ግን ነዳፊው በወረቀት ላይ የሚፈልገውን ቁመት አስቀድሞ ከወሰነ ነው።

በወረቀት ላይስ ምን ያህል ይበቃል? አይሶ 3098 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ 1.8፣ 2.5፣ 3.5፣ 5፣ 7 እያለ የሚያድግ የቁመት ተርታ አስቀምጧል። እያንዳንዱ ቁመት ከቀዳሚው በ1.4 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ይህም የሁለት ስኩዌር ሩት ነው። የኤ ወረቀቶች መጠንም በዚሁ ቁጥር ስለሚለዋወጥ ንድፉ በአንድ ደረጃ ባነሰ ወረቀት ላይ ሲታተም ጽሑፉ ራሱ ወደ ታችኛው ደረጃ ይወርዳል። ከኤ1 ወደ ኤ3 ሲታተም ግን ሁለት ደረጃ ወርዶ በግማሽ ያንሳል፤ 2.5 የነበረው 1.25 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ለላቲን ፊደል የሚበቃው ቁመት ለግዕዝ ፊደል ላይበቃ ይችላል። በግዕዝ አናባቢውን የሚለየው በፊደሉ ጎን፣ አናት ወይም እግር ላይ የሚጨመር ትንሽ ጭረት ወይም ቀለበት ነው። በ«ቢ» እና በ«ቤ» መካከል ያለው ልዩነት በእግሩ ላይ ያለው ምልክት ብቻ ነው። ጽሑፉ ሲያንስ በመጀመሪያ የሚጠፋው ይኸው ምልክት ነው። በዚህ ምክንያት ለቁጥርና ለላቲን ፊደል 2.5 ሚሊ ሜትር ከተመረጠ የአማርኛውን ጽሑፍ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ 3.5 ማድረግ የተሻለ ነው እንላለን። ንድፉ በኤ3 ተባዝቶ ወደ ግንባታ ቦታ የሚሄድ ከሆነ ቁጥሩም ቢሆን ከፍ ማለት አለበት። በደበዘዘ ቅጂ ላይ 8 ቁጥር 6 ወይም 3 ይመስላል፤ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ስታፋ በ6 ሊተካ የሚችለው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ፎርማኑ የሚያየው የወረቀቱን ቅጂ እንጂ የኮምፒዩተሩን መስኮት አይደለም።

ኮድ፦ ዓይን የማያየው የፊደል ማንነት

ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። የፊደሉ መልክ ደግሞ ፎንት ከሚባል ሌላ ፋይል ይመጣል። በአውቶካድ ሁለት ዓይነት ፎንቶች ይሠራሉ። የመጀመሪያው በብዕር ለሚሠሩ ፕሎተሮች እንዲስማማ የተፈጠረ ሲሆን ፊደሉን በጥቂት ነጠላ ጭረቶች ይሥላል፤ ለኮምፒዩተሩ አይከብድም፤ ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጡት የዚህ ዓይነት የተለመዱ ፎንቶች ግን የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ሁለተኛው ትሩታይፕ የሚባለውና በሌሎች የጽሕፈት ሶፍትዌሮችም የምንጠቀምበት ነው። እንደ ኒያላና አቢሲኒካ ያሉት የግዕዝ ፎንቶች ከዚህ ወገን ናቸው።

በቀድሞዎቹ ስምንት ቢት ፎንቶች የነበረው ቦታ 256 ብቻ ነበር። የግዕዝ መሠረታዊ ሆሄያት ግን 33 በ7 ሲባዛ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከቦታው ያልፋሉ። ስለሆነም የፓወር ግዕዝ፣ የቪዥዋል ግዕዝና የሌሎችም ቀደምት እትሞች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ድልድል የላቲን ፊደላትን ኮድ ለግዕዝ አውለውታል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል የራሱን ተርታ ሰጠው። የአውቶካድ ፋይልም ከ2007 እትም ጀምሮ ጽሑፍን በዩኒኮድ ማስቀመጥ ጀመረ።

የዚህ ልዩነት ጉዳትና ጥቅም የሚታየው ፋይሉ ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ሲሄድ ነው። የንድፍ ፋይል የፎንቱን ስም እንጂ ፎንቱን ራሱን ይዞ አይጓዝም። ተቀባዩ ኮምፒዩተር ፎንቱ ከሌለው በሌላ ይተካዋል። በዩኒኮድ የተጻፈው «መኝታ ቤት» ያን ጊዜ የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሳጥን ሆኖ ቢታይም ኮዱ ስላልተነካ ትክክለኛው ፎንት ሲገኝ ይመለሳል። በአሮጌው ድልድል የተጻፈው ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። በየትኛው ሶፍትዌር እንደተጻፈ ካልታወቀ ወደ ቦታው መመለስ ከባድ ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት የተነደፈ ፕላን ዛሬ ሲከፈት ቤቱ በሙሉ ታይቶ የክፍሎቹ ስም የማይነበበው በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንድ ነዳፊዎች ከዚህ ለማምለጥ ጽሑፉን ወደ መስመር ይለውጡታል። መልኩ በዚህ ይጠበቃል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ጽሑፍ ስላልሆነ ሊፈለግም ሊታረምም አይችልም።

በፍለጋ ረገድ የከተማዋ ስም ራሱ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ሆሳዕና፣ ሆሣዕና፣ ሆሳእና፣ ሆሣእና ተብሎ ቢጻፍ አንባቢ አንድ ቃል አድርጎ ይረዳዋል። ለኮምፒዩተሩ ግን አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ በዩኒኮድ የ«ሳ» ኮድ 1233 ሲሆን የ«ሣ» ደግሞ 1223 ነውና። ሀዲያ፣ ሐዲያና ሃዲያም እንዲሁ ናቸው። በመቶ በሚቆጠሩ ንድፎች መካከል አንድ ስም የሚፈልግ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ የፈለገውን አጥቶ «የለም» ሊል ይችላል። መፍትሔው አንድ ጽሕፈት ቤት አንድ አጻጻፍ መርጦ በእርሱ መጽናት ነው።

ቦታ፦ ጽሑፉ የት ይረፍ?

እያንዳንዱ ጽሑፍ የሚያዝበት አንድ ነጥብ አለው። የክፍል ስም በግራ ታችኛው ጥግ ከተያዘ ፎንቱ ሲቀየርና ቃሉ ሲረዝም ወደ ቀኝ እያደገ ግድግዳውን ያቋርጣል። በመካከሉ ከተያዘ ግን በሁለቱም ወገን እኩል ስለሚያድግ ከክፍሉ መሐል አይወጣም። የልኬት ቁጥሮች ደግሞ ወረቀቱን ሳናዞር ከታች ወይም ከቀኝ በኩል የሚነበቡ እንዲሆኑ ይደረጋል። መንትያ ቤቶች ሲነደፉ አንዱ ቤት እንደ መስተዋት ሲገለበጥ ጽሑፉ አብሮ እንዳይገለበጥ ሚረርቴክስት የተባለው መቆጣጠሪያ ዜሮ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል።

በተዳፋት መሬት ላይ ሌላ ሕግ ይጨመራል። ከፍታው ከ3,000 ሜትር የሚበልጠውን የከምባታውን የአምበሪቾን ተራራ በእኩል ከፍታ መስመሮች ብንነድፍ የእያንዳንዱ መስመር ቁጥር አናቱን ወደ ሽቅቡ አቅጣጫ እንዲያደርግ ይፈለጋል፤ አንባቢው ዳገቱና ቁልቁለቱ ወዴት እንደሆነ በቁጥሩ አቋም ይረዳል። ሰሜን ወደ ላይ በሆነበት ወረቀት ላይ በተራራው ሰሜናዊ ፊት የሚጻፍ ቁጥር በዚህ ሕግ መሠረት ተዘቅዝቆ ይታያል። ስለዚህ ቁጥሮቹን በተቻለ መጠን በደቡባዊው ፊት ማስፈር ይመረጣል።

የስሞችን አቀማመጥ በሥርዓት ካጠኑት አንዱ ስዊዘርላንዳዊው የካርታ ሊቅ ኤዱዋርድ ኢምሆፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ጥናት ስም ከነጥቡ በስተቀኝ ጥቂት ከፍ ብሎ ቢቀመጥ እንደሚመረጥ ገልጿል። ይህን ሁሉ ለኮምፒዩተሩ ትተን ለምን አናርፍም? እያንዳንዱ ስም አራት አማራጭ ቦታ አለው እንበል። 20 ስሞች ያሉት ንድፍ 1,099,511,627,776 አቀማመጦች ይኖሩታል። በሰከንድ አንድ ሚሊዮን የሚመረምር ኮምፒዩተር ሁሉንም ለመጨረስ 13 ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ ስሞቹ 30 ቢሆኑ ከ36,000 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1991 የኮምፒዩተር ሳይንስ ተመራማሪዎች ይህ ችግር ፈጣን አጠቃላይ መፍትሔ ከማይታወቅላቸው ችግሮች ወገን መሆኑን አሳይተዋል። ሶፍትዌሮች ተቀራራቢ መልስ ይሰጣሉ፤ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ግን ዛሬም የነዳፊው ዓይን ነው።

ቁጥር ሲሳሳት መሬት ይንቀሳቀሳል

ሆሳዕና በዩቲኤም ሥርዓት በ37ኛው ዞን ውስጥ ትገኛለች። በከተማዋ ያለ ነጥብ የምሥራቅ መለኪያው በ373,000 ሜትር፣ የሰሜን መለኪያው በ835,000 ሜትር አካባቢ ነው። የይዞታ ካርታ ላይ የሚሰፍረው ሠንጠረዥ እንዲህ ባሉ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥሮች የተሞላ ነው። ከቀኝ ሁለተኛው አኃዝ በአንድ ቢሳሳት ወይም ቢደበዝዝ የወሰኑ ድንጋይ በአሥር ሜትር ይሄዳል። ይህ ርቀት በብዙ ቦታ ከጎረቤት ግቢ ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ የሠንጠረዡ ቁጥሮች የአሥርዮሽ ነጥባቸው በአንድ ቀጥታ መስመር እንዲውል ወደ ቀኝ ተጠግተው፣ የአኃዞቹ ስፋት እኩል በሆነ ፎንት ይጻፉ። አንድ አኃዝ የጎደለው ቁጥር ያን ጊዜ በዓይን ወዲያው ይለያል።

ከላይ ያልነው ሁሉ ወደ ጥቂት ልማዶች ይጠቃለላል። ንድፍ ከመጀመሩ በፊት የሚታተምበት ስኬልና የወረቀት መጠን ይወሰን፤ ቁመቱ ከዚያ ይሰላ። ግዕዝንም ላቲንንም የያዘ አንድ የዩኒኮድ ፎንት ይመረጥና ለቢሮው ሁሉ የጋራ ይሁን። የቦታ ስሞች በአንድ አጻጻፍ ይጻፉ። ፋይሉ ወደ ሌላ ሲላክ ፎንቱ አብሮ ይላክ፤ ፎንቱ የተካተተበት ፒዲኤፍ ቅጂም ይጨመርበት። በመጨረሻም ንድፉ በሚባዛበት ትንሹ ወረቀት ላይ ታትሞ፣ ንድፉን ያልሠራ ሰው እያንዳንዱን ቃልና ቁጥር ጮክ ብሎ ያንብበው። እርሱ የተደናቀፈበት ቁጥር ፕላኑ ወደ ማዘጋጃ ቤትና ወደ ግንበኛው ከመሄዱ በፊት ይታረም።