የሥራ ኢሜይላችሁ ለምን መልስ አያገኝም?

ብዙዎቻችን ሥራ ስናመለክት ሲቪ አያይዘን ባዶ ኢሜይል እንልካለን፤ ከዛ ስልካችንን ስናይ እንውላለን። እኔም ስጀምር እንደዛው ነበርኩ። መልስ የሚባል ነገር የለም።

ችግሩ ሁልጊዜ ግራመር አይደለም። የአማርኛ ማመልከቻ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ብሎ ይጀምርና ጥያቄውን መጨረሻ ላይ ያመጣዋል። ይህንን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ስንመልሰው ቀጣሪው የምንፈልገው ሳይገባው ያልፈዋል። በእንግሊዝኛ የሥራ ኢሜይል ዋናው ነገር ይቀድማል።

ስለዚህ፦

👉 ሰብጀክት ባዶ አይሁን። በደብዳቤ ላይ «ጉዳዩ» የምንለው ማለት ነው። የሥራ መደቡንና ስማችሁን ጻፉበት።

👉 የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ለየትኛው ሥራ እንደምታመለክቱ ይናገር።

👉 ቀጥሎ የሠራችሁትን ጥቀሱ። «ታታሪ ነኝ» ከማለት «ለ2 ዓመት የሱቅ ሒሳብ ይዣለሁ» ማለት ይሻላል።

👉 እንደ ቴሌግራም ቻት ቃል አታሳጥሩ።

👉 ከመላካችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ትንፋሽ ካጠራችሁ ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ክፈሉት።

ቻትጂፒቲ ቢያርምላችሁ ችግር የለውም። ግን ትርጉሙን የማታውቁትን ቃል አውጡት፤ ኢንተርቪው ላይ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ።

ሥራ ለሚፈልግ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።