በርሜል ውስጥ የገባ ወንዝ

አምቦን አቋርጦ የሚወርደው ሁሉቃ ክረምት ላይ ሲሞላ፣ ከውሃው ጩኸት ሥር ሌላ ድምፅ አለው። ድልድዩ ላይ ቆም ብሎ ጆሮውን ለሚሰጥ ሰው ይሰማዋል፤ ደብዘዝ ያለ፣ የማያቋርጥ መንኳኳት ነው። ጠጠሩ እርስ በርሱ እየተጋጨና እየተፋተገ ይወርዳል። በጋ ሲገባ ያ ሁሉ ሲላፋ የከረመ ድንጋይ ሹሉ ጠፍቶ፣ ክብ ክብ ሆኖ፣ ወንዙ ዳር ተዘርግቶ ይገኛል።

ይህንኑ ሥራ የሚሠራ፣ ግን እጅግ የቸኮለ መሣሪያ አለ። ፈረንጆቹ ታምብለር ይሉታል፤ እኔ ማንከባለያ ብየዋለሁ። ሁለት ዘንጎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ጫፋቸው በኩሽኔታ ይያዛል፣ አንደኛው በቺንጋ ከትንሽ ሞተር ጋር ይገናኛል። በላያቸው ላይ ውስጡ ጎማ የለበሰ፣ ክዳኑ ውሃ የማያፈስ ትንሽ በርሜል ይጋደማል። ሞተሩ ዘንጉን፣ ዘንጉ በርሜሉን ያዞራል። በቃ። ብየዳና ቶርኒዮ ያለበት ጋራዥ የአንድ ቀን ሥራ አድርጎ ይጨርሰዋል።

ብልሃቱ ያለው በፍጥነቱና በአሞላሉ ላይ ነው። በርሜሉ በጣም ከፈጠነ ድንጋዩ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አብሮ ይዞራል እንጂ አይሠራም። ቀስ ሲል ግን ድንጋዩ በጎን በኩል ወደ ላይ ይወጣና ተንሸራቶ ይመለሳል፤ መላጉ ያለው በዚያ መንሸራተት ውስጥ ነው። ግማሽ ጎዶሎ ከተተወ ድንጋዮቹ ከከፍታ እየወደቁ ይሰነጣጠቃሉ። ስለዚህ ከሁለት ሦስተኛ እስከ ሦስት አራተኛ ይሞላል፣ ውሃ ድንጋዩን ሊሸፍን እስኪቃረብ ድረስ ይጨመርበታል፣ ከዚያ ሌት ተቀን ይዞራል።

ሌት ተቀን የሚለው ቃል ጎረቤት ላላቸው ሰዎች ቀላል አይደለም። አጥሬን የሚጋሩኝን እናት ሰፈሩ ሁሉ አዴ እያለ ነው የሚጠራቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት አስቁመው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ድንጋይ ስትቀቅል ነው እንዴ የምታድረው?»

«አዎ አዴ፣ ገና አልበሰለም።»

«ስንት ቀን ይፈልጋል?»

«አንድ ወር ከምናምን።»

«እንግዲህ ማገዶህን ይባርክልህ» ብለውኝ ሄዱ። ማገዶዬ መብራት ነበርና ምርቃቱ ሁልጊዜ አልያዘም።

ወንዝ ዘመናት የሚፈጅበትን ሥራ በርሜሉ በሳምንታት የሚጨርሰው ውሃና ድንጋይ ብቻ ስለማይገባበት ነው። ሲሊኮን ካርባይድ የሚባል ሻካራ ዱቄት ይጨመርበታል። ኤድዋርድ አቺሰን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1891 ሰው ሠራሽ አልማዝ አገኛለሁ ብሎ ሸክላና የከሰል ኮክ በኤሌክትሪክ ሲያግል ያገኘው ነገር ነው። አልማዝ አልወጣለትም፤ የወጣለት ግን ከሰንፔር የጠነከረ ሆነ። ዛሬ ጥቁሩ ብርጭቆ ወረቀት ላይ የሚለጠፈው፣ ጋራዥ ውስጥም ቫልቭ በሚሳልበት ቅባት ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ ይኸው ዱቄት ነው።

ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዱቄቱ ይደቃል። ከ60 እስከ 90 ያለው የድንጋዩን ሹልና ጎድጓዳ ይበላል። ከ120 እስከ 220 ያለው የፊተኛው የጫረውን ይደመስሳል፣ 500 ደግሞ የእሱን። በመጨረሻ እንደ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ያለ ማወልወያ ዱቄት ይገባል። ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ሳምንት ያህል ይሰጠዋል፤ የመጀመሪያው ግን ብዙ ጊዜ ሁለትም ሦስትም ይፈልጋል። ሥራው እንግዲህ ጭረትን በሌላ ጭረት መተካት ነው፤ ጭረቱ ዓይን ሊያየው የማይችለው እስኪሆን ድረስ።

እዚህ ላይ ነው የተቀጣሁት። በሦስተኛው ደረጃ ላይ ድንጋዮቹን አጠብኩ፣ በርሜሉንም አጠብኩ፣ የክዳኑን ጎማ ግን አላነሳሁትም። ከጎማው ሥር የ60 ቁጥር ቅንጣት ቀርታ ኖሯል። ሁለት ሳምንት ሙሉ የለሰለሰ ድንጋይ አወጣለሁ ብዬ በድመት የተቧጨረ የሚመስል ድንጋይ አወጣሁ፤ ወደ ኋላ ተመልሼ ከ120 ጀመርኩ። እጣቢውንም ወደ ቱቦ መድፋት ሞኝነት ነው። ዱቄት የሆነ ድንጋይ ቱቦ ውስጥ ዘቅጦ ሲጠጥር ሙገር የተመረተ ሲሚንቶ ነው የሚመስለው። ጓሮ ውስጥ ጉድጓድ ይበቃዋል።

ከማሽኑ ይልቅ ሰው የሚማረው ግን ከድንጋይ መረጣው ነው። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ማዕድናትን የትኛው የትኛውን ይጭራል ብሎ ከ1 እስከ 10 ደረደራቸው፤ 10 አልማዝ፣ 9 የሰንፔር ዘር፣ 7 ኳርትዝ፣ 3 ካልሳይት። የበርሜሉ ሕግ ከዚህ የወጣ ነው፤ እኩያ ከእኩያው ጋር ይግባ። ምዕራብ ሸዋ ያሉትን ድንጋዮች በዚህ ዓይን ስናያቸው ጠባያቸው ይለያያል። የሙገር የኖራ ድንጋይ ካልሳይት ነው፤ ከኳርትዝ ጋር ካስገቡት በሳምንቱ ኳርትዙ ብቻ ይጠብቅዎታል። አንድ ድንጋይ ኖራ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ሎሚ ጠብ ያድርጉበት፤ እንደ አምቦ ውሃ ከፈላ ይተዉት። የአምቦ ድንጋይ እየተባለ ለግንብና ለልባጥ የሚፈለገው አሸዋማ ድንጋይስ? ቅንጣቱ ጠንካራ ኳርትዝ ነው፣ ማያያዣው ግን ደካማ። ግንበኛ የሚወድለት በመዶሻ ቶሎ መጠረቡን ነው፤ በርሜል ውስጥ ሲገባ ያው ጠባዩ ጠላቱ ይሆንና ወደ አሸዋነቱ ይመለሳል።

የሚቀረን ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ባዛልቱ። እሱም ከተለያየ ማዕድን የተሠራ በመሆኑ አንዱ ሲበላ ሌላው ይቀርና ለስልሶ አያበራም። ነገር ግን ወንጪንና ደንዲን የመሳሰሉ የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ባሉበት አገር ጥቁር ድንጋይ ዝም ብሎ ጥቁር ድንጋይ አይደለም። ቅልጡ ሲረጋ በውስጡ የታሰረው ጋዝ ቀዳዳ ይተዋል። በኋላ ዘመን ሲሊካ ያዘለ ውሃ እየሰረገ ይገባና ቀዳዳውን ይደፍነዋል። አለቱ ሲፈርስ ያ ድፍን ብቻውን ይወጣል፤ ነጣ ወይም ገርጣ ያለ፣ ሰም የተቀባ የሚመስል፣ ብርሃን ትንሽ የሚያሳልፍ ጠጠር። ካልሰዶኒ ይባላል፤ ቀለበት ቀለበት መስመር ካለው ደግሞ አጌት ነው። ጥንካሬው 7 ገደማ ነው። ወንዝ ዳር የሚያጎነብስ ሰው ማደን ያለበት እሱን ነው። ፈተናው ውሃ ነው፤ ድንጋዩን ነክሮ ማየት። እርጥብ ሆኖ የሚያሳየው መልክ ሲወለወል የሚኖረው መልክ ነው። ደርቆ እንደገና አመድ ሲለብስ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም።

ባልጩትን ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። ባልጩት እሳተ ገሞራ የሠራው ብርጭቆ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው መልካ ቁንጡሬ ሰዎች መሣሪያ አድርገው መጥረብ ከጀመሩት ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በጉራጌና በሃዲያ አካባቢ ቆዳ ፋቂዎች ዘመናችን ድረስ ሲፍቁበት ኖረዋል። ማንከባለያ ውስጥ ግን ባልጩት እንደ ብርጭቆ ነው መታየት ያለበት፤ ጥንካሬው 5 አካባቢ ነው፣ እርስ በርሱ ከተላተመ ይሸራረፋል። ደቃቅ ጠጠር ወይም የፕላስቲክ ፍርፋሪ በመሃሉ ይጠቀጠቅለታል። የጥንት ሥፍራ ላይ ያለውን ባልጩት ግን ማንም አይንካው፤ ያ ጠጠር ሳይሆን ቅርስ ነው። በሕገ መንግሥቱም ቢሆን የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ኪስ የምትሞላ የወንዝ ጠጠርና በጭነት የሚወጣ ማዕድን አንድ አይደሉም፣ ለሁለተኛው ፈቃድ ያስፈልጋል።

«ኦፓልስ?» ብሎ የማይጠይቀኝ ሰው የለም። ሰሜን ሸዋ መዘዞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ ወሎ ደላንታ ወገል ጤና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 በተገኙት ኦፓሎች አገራችን ስም አውጥታለች። ኦፓል የጥቃቅን ሲሊካ ሉሎች ድርድር ነው፤ ብርሃን በድርድሩ መሃል ሲያልፍ ቀለሙ ይበተናል። የወገል ጤናው ደግሞ ውሃ ይጠጣል። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቢያስቀምጡት ቀለሙ ጠፍቶ መስታወት ይመስላል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ጭቃ ውሃ ውስጥ ሳምንት ሙሉ ማንከባለል ታዲያ ለእንዲህ ያለ ድንጋይ ቅጣት ነው። ኦፓል በእጅ ነው የሚሠራው፤ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጉልላት ተሞልሙሎ።

ከጉልላቱ ቀጥሎ ያለው ትምህርት ገጽ ማውጣት ነው፤ ብርሃን የሚያሳልፍን ድንጋይ በጠፍጣፋ ገጾች መቁረጥ። የሻኪሶ ኤመራልድ፣ ሰንፔር፣ ኳርትዝ የሚያምሩት በዚህ ነው። ምሥጢሩን ለመረዳት ግን ቀለበት ቤት መሄድ አያስፈልግም፤ የአምቦ ማዕድን ውሃ መዋኛ ይበቃል። ጠልቀው ዓይንዎን ገልጠው ቀጥታ ወደ ላይ ቢያዩ ሰማይ ይታያል። ወደ ጎን አሻግረው ቢያዩ ግን ሰማዩ ይጠፋና የውሃው ገጽ መስተዋት ሆኖ የገንዳውን ወለል ያሳያል። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ ከቀጥታው መስመር 49 ዲግሪ ያህል ካዘመመ መውጣት አይችልም፤ ተመልሶ ይገባል። ለኳርትዝ ይህ ወሰን 40 ዲግሪ ገደማ ነው። ቆራጩ እንግዲህ የድንጋዩን ታችኛ ገጾች ከዚህ ትንሽ ከፍ አድርጎ፣ 42 ወይም 43 ላይ ይቆርጣቸዋል። ከላይ የገባው ብርሃን ታች ይመታል፣ ይመለሳል፣ ወደ ዓይን ይወጣል። ማዕዘኑ ከወሰኑ በታች ከሆነ ብርሃኑ በታች በኩል ያመልጥና የድንጋዩ መሃል እንደ መስኮት ባዶ ይሆናል፤ ከሥሩ ያለውን ጋዜጣ ያነቡበታል።

ማሽኑ አልማዝ የተረጨበት የሚሽከረከር ዲስክ ነው፤ ከጎኑ ምሰሶ፣ በምሰሶው ላይ ክንድ አለው። ድንጋዩ በሰም ወይም በሙጫ ዶፕ በሚባል የብረት ዘንግ ጫፍ ላይ ይጣበቅና ክንዱ ላይ ይታሰራል። ክንዱ ማዕዘኑን ይይዛል፤ ጥርስ ያለው ጊር ደግሞ ድንጋዩ ሲዞር የት የት መቆም እንዳለበት ይወስናል። የጊሩን ነገር ለማስረዳት የጠርሙስ ቆርኪ የመሰለ የለም። ከአምቦ ውሃ ላይ ያነሱትን ቆርኪ ይቁጠሩት፤ 21 ጥርስ አለው። ለሦስት ይካፈላል፣ ለሰባት ይካፈላል፣ ለስምንት ግን እንቢ ይላል። ክብ ድንጋይ የሚቆረጠው በስምንት በስምንት ነውና አብዛኛው ጊር 96 ጥርስ ያለው ነው። በየ12 ጥርሱ ማቆም ስምንት እኩል ገጽ ይሰጣል። የተለመደው ክብ ቁርጥ ሲጠናቀቅ 57 ገጾች ይኖሩታል።

ድንጋዩ ዲስኩን ሲነካ የሚያሰማው ድምፅ ቀጭን ነው። ሁለት ሦስት ሰከንድ አስነክቶ፣ አንስቶ፣ ጠርጎ፣ በማጉያ መነጽር ማየት፤ ደግሞ ሁለት ሰከንድ። የሚፈለገው ሦስት ገጾች በአንዲት ነጥብ ላይ እንዲገናኙ ነው። አንዱ በፀጉር ስፋት ካለፈ ነጥቡ መስመር ይሆናል፤ ያን ለማረም ሰባቱን ሌሎች ወደ እሱ ማውረድ የግድ ነው። ታችኛው ሲያልቅ ድንጋዩ ተገልብጦ ሌላ ዶፕ ላይ ይጣበቃል። መዛነፍ የሚመጣው ያኔ ነው። ብዙ ጊዜ ከጥሬው ድንጋይ ከግማሽ በላዩ ዱቄት ሆኖ ይሄዳል። የኳርትዝ ዱቄት ደግሞ ሳንባን የሚጎዳ ሲሊካ ነውና ዲስኩ ላይ ውሃ መንጠባጠብ ማቆም የለበትም፤ በደረቅ የሚቆርጥ ሰው ካዩ ይቆጡት።

የገጽ ማሽን አዲሱ በሺህ በሚቆጠር ዶላር ነው። የደላንታ ኦፓል በጥሬው ሕንድ፣ ጃይፑር ድረስ ሄዶ የሚቆረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ሌላው ግን ልምድ ነው፣ ልምድ ደግሞ በውድ ድንጋይ ላይ አይለመድም። ቀጥታ ወደ ኤመራልድ መሮጥ ለሚፈልግ ወጣት መጀመሪያ አንድ በርሜል ጠጠር አንከባልል የምለው ለዚህ ነው። ጭረት ምን እንደሆነ፣ ስንጥቅ የት እንደሚደበቅ፣ ማጠብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በነፃ ያስተምረዋል።

በሰባተኛው ሳምንት በርሜሉን ጓሮ ውስጥ ስከፍት አዴ መጡ። ከሃያ ምናምን ጠጠር ስድስቱ ደህና ወጥተዋል። አንዲቱን፣ ማር የመሰለችውን ካልሰዶኒ፣ አንስተው ወደ ፀሐይ አዞሯት።

«ውሃውን አልጠረግከውም» አሉኝ።

በነጠላቸው ጫፍ ጠረጓት። አዩአት። ደግመው ጠረጓት።

«አይደርቅም እንዴ ይሄ?»

«ደርቋል አዴ።»

ሌላ ምንም አላሉም። ጠጠሯን እዚያው የነጠላቸው ጫፍ ላይ፣ ሳንቲም እንደሚቋጠረው ቋጥረዋት ሄዱ።